የጸሎቱን ቦታ ማን ያዘው?

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ

  

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አምልኮ ስፍራችን ነው። ስለ አዳራሹ ስፋት ወይም ስለ ወንበሩ ዓይነት አይደለም። በስሙ በምንሰበሰብበት ቦታ ለእግዚአብሔር ስለሚገባው ክብር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ያለ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን ክፈቱልኝ። ከቁጥር 11 እስከ 17 ያለውን በኋላም በቤታችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ጌታ መጀመሪያ አየ

በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት ቁጥር አለች፤ ቁጥር 11 ናት። ጌታ ኢየሱስ ኢየሩሳሌም እንደ ደረሰ ወደ መቅደሱ ገባ። በዚያ ያለውን ነገር ሁሉ ቃኘ። ምንም እንደ ተናገረ አልተጻፈም። ቀኑ ስለ መሸበትም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ቢታንያ ሄዶ አደረ። የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠው በማግስቱ ነው።

ይህ ምን ያስተምረናል? ጌታ ያደረገው ነገር በድንገት ግንፍል ያለ ሰው የሚያደርገው ነገር አልነበረም። አይቶ፣ አድሮበት ያደረገው ነው። ቁጣው ቅዱስ ቁጣ ነበር፤ የታየ ምክንያትም ነበረው።

ወገኖች፣ ጌታ ዛሬም ያያል። እሑድ ጠዋት ወደ አዳራሻችን ቢገባ ዘማሪው ስንት ሰዓት እንደ ዘመረ ከመቁጠሩ በፊት ዘወር ዘወር ብሎ ያያል። ምን ያገኝ ይሆን?

ነገሩ ክፉ ሆኖ አልጀመረም

ስለ እነዚያ ነጋዴዎች ስንሰብክ ቶሎ እንፈርድባቸዋለን። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ለፋሲካ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ነውር የሌለበትን ርግብ በእጁ ይዞ የሳምንታት መንገድ መሄድ ይችላል? አይችልም። ርግብ ደግሞ የድሀ መሥዋዕት ናት። ለበግ አቅም የሌለው ሰው በእርሷ ፈንታ ሁለት ወፎች እንዲያመጣ በዘሌዋውያን 5፥7 ተፈቅዶለታል። ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ኢየሱስን ይዘው ወደ መቅደስ በወጡ ጊዜ መሥዋዕታቸው ይኸው የድሀ መሥዋዕት እንደ ነበረ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ይነግረናል።

ገንዘብ ለዋጮቹም ቢሆኑ ሥራ ነበራቸው። ለመቅደሱ በየዓመቱ የሚከፈለው ግማሽ ሰቅል በየአገሩ ሳንቲም አይከፈልም ነበር፤ ብሩ ንጹሕ በሆነው በጢሮስ ገንዘብ ነበር የሚከፈለው። ስለዚህ መንገደኛው ገንዘቡን መለወጥ ግድ ነበረበት።

አያችሁ? ነገሩ የተጀመረው አምላኪውን ለማገልገል ተብሎ ነው። እያደር ግን አገልግሎቱ ንግድ ሆነ፤ ንግዱም ቅሚያ ሆነ። ጌታ ቦታውን የወንበዴዎች መሸሸጊያ ያለው በከንቱ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን ንግዱ የተዘረጋበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የማን ነበር?

ቦታው የማን ነበር?

ሄሮድስ ያስፋፋው ያ መቅደስ ብዙ አደባባዮች ነበሩት። በውስጠኛው ካህናት ያገለግላሉ። ከዚያ ቀጥሎ የእስራኤል ወንዶች፣ ከዚያም ሴቶች የሚቆሙበት አለ። ከሁሉ በስተ ውጭ ያለው ሰፊ ግቢ የአሕዛብ አደባባይ ይባላል። ከእስራኤል ያልተወለደ ሰው ከዚያ አልፎ መግባት አይችልም። በ1871 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በግሪክኛ የተቀረጸ አንድ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ባዕድ ሰው አጥሩን አልፎ እንዳይገባ፣ ቢገባ ግን ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ እንደሚሆን የሚያስጠነቅቅ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 21 ሊገደል የደረሰው የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን ከዚያ አሳልፎ አስገብቷል ተብሎ በሐሰት ተከሶ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከአሕዛብ ወገን የሆነ፣ እውነተኛውን አምላክ ፈልጎ የመጣ ሰው በዚያ መቅደስ ውስጥ የሚጸልይበት ሌላ ቦታ የለውም። ያለችው ያቺ አደባባይ ብቻ ናት። እርሷ ደግሞ በከብት ጩኸት፣ በርግብ ቅርጫት፣ በሳንቲም ቅጭልጭልታና በዋጋ ክርክር ተሞልታለች። ማርቆስ ብቻ የጻፈው ሌላም ነገር አለ፤ ቁጥር 16 ላይ ጌታ ዕቃ ተሸክመው በመቅደሱ የሚያልፉትን ከለከለ። የጸሎቱ ቦታ አቋራጭ መንገድ ሆኖ ነበር ማለት ነው!

ካህኑ ቦታ አላጣም። እስራኤላዊውም ቦታ አላጣም። ቦታ ያጣው ከሩቅ የመጣው ነው። ለዚህ ነው ጌታ ያን ቤት ሕዝቦች ሁሉ ይጸልዩበት ዘንድ የተሰጠ መሆኑን ከኢሳይያስ 56 ያስታወሳቸው። ያን ምዕራፍ ከቁጥር 3 ጀምራችሁ ብታነቡት ተስፋው ለሁለት ዓይነት ሰዎች የተነገረ ነው፤ ለመጻተኛና ለጃንደረባ።

መጻተኛና ጃንደረባ! ይህን ስንሰማ ማን ትዝ ይለናል? በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አይደል? በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር በሰፊው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ይህ ሰው የንግሥት ሕንደኬ ባለሥልጣን ነው፤ በሀብቷ ሁሉ ላይ የተሾመ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በሠረገላ የተጓዘው ሊነግድ ሳይሆን ሊሰግድ ነው። የት ቆሞ እንደ ጸለየ ሉቃስ አልጻፈልንም። ግን እንደ ሕጉ ከሆነ፣ መጻተኛም ጃንደረባም የሆነ ሰው ወደ ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ የሚቆመው በዚያችው በውጭዋ አደባባይ ነው። ጌታ ያጸዳት አደባባይ እንዲህ ያለ ሰው የሚቆምባት አደባባይ ነበረች። ወገኖቼ፣ ጌታ ጅራፍ ያነሣው ለእኛ ቢጤዎች ቦታ ለማስለቀቅ ነው!

ማቴዎስ ደግሞ በምዕራፍ 21 ቁጥር 14 ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ይጨምርልናል። ነጋዴዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶ ጸጥታ አልሆነም። ዕውሮችና አንካሶች እዚያው መቅደስ ውስጥ ወደ ጌታ መጡ፤ ፈወሳቸውም። ሕፃናትም እየጮኹ አመሰገኑት። በጩኸቱ የተቆጡት የካህናት አለቆች ናቸው እንጂ ጌታ አልተቆጣም። ስለዚህ የአምልኮ ስፍራ ክብር ማለት ዝምታ ማለት አይደለም። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የሕፃናቱ ድምፅ ጌታን አላስከፋውም። ያስከፋው እርሱን ፈልጎ ለመጣው ሰው ቦታ መጥፋቱ ነው።

አዳራሻችንስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ በአዳራሽ ውስጥ በሬ አንሸጥም። ግን እስቲ አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችን እንከተል። ልጇ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ጎረቤቷ፣ "ነይ አብረን ጌታን እንለምን" ብላ ወደ ጉባኤ ጋበዘቻት። የወንጌል አማኞች አዳራሽ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

ገብታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንድ ወጣት መጥቶ፣ "እናቴ፣ ይህ ለእንግዶች የተያዘ ነው" አላትና ወደ ኋላ ወሰዳት። እንዴ፣ እርሷስ እንግዳ አይደለችም? ቀና ስትል በመድረኩ ጀርባ የተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ የአገልጋዩ ፎቶ ከነሙሉ ልብሱ ይታያል፤ የጌታ ስም ከታች በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ማስታወቂያው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። መባ ተሰበሰበ፤ ቆየት ብሎ ለድምፅ መሣሪያ ተብሎ ሁለተኛ፣ ለአገልጋዩ ተብሎ ሦስተኛ ተሰበሰበ። "አንድ ሺህ ያለው ይቁም፣ አምስት መቶ ያለው እጁን ያንሣ" ተባለ። እርሷ በመቀነቷ ያላት የታክሲ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጸሎት ሲባል እንባዋ መጣ፤ ያን ጊዜ ካሜራው ወደ ፊቷ ቀረበ። ማምሻውን ፊቷ በቲክቶክ ላይ ከነሙዚቃው ሲዞር ዋለ አደረ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይህች እናት የት ትጸልይ? ለልጇ የሚሆነውን ጸሎት የምታቀርብበትን ቦታ ማን ያዘው?

ይህን ስል ካሜራ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ የእሑዱን ጉባኤ የምትከታተለው በዚያው ካሜራ ነው። ማስታወቂያም ያስፈልጋል፤ መባም የአምልኮ ክፍል ነው። ርግቧም ታስፈልግ ነበር እኮ! ጥያቄው፣ ለአገልግሎት የገባው ነገር የጸሎቱን ቦታ ወስዷል ወይ? የሚል ነው።

ሥጋ የሚቆጥሩ፣ እንባ የማይለዩ

ከዚህም የባሰ አለ። በ1ኛ ሳሙኤል መጀመሪያ ላይ በሴሎ ስለ ነበሩት ስለ ዔሊ ልጆች፣ ስለ አፍኒንና ፊንሐስ እናነባለን። ሰው መሥዋዕቱን ሲቀቅል ሎሌያቸው ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ይመጣል፤ ከድስቱ ያወጣውን ሁሉ ይወስዳል። እያደር ደግሞ ስቡ ለእግዚአብሔር ሳይቃጠል ጥሬውን አምጡ ማለት ጀመሩ። እንቢ ያለውን በግድ ይቀሙታል። እግዚአብሔር ይህን ታላቅ ኃጢአት ብሎታል፤ የእርሱን መሥዋዕት ንቀዋልና።

በዚያው ቤት አንዲት ሐና የምትባል ልቧ የተሰበረ ሴት ልትጸልይ መጣች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የላትም። ሽማግሌው ካህን ዔሊ አይቶ ሰክራለች አለ። ሥጋ የሚቆጥር በሞላበት ቤት እንባ የሚለይ ጠፋ። ይሁንና ዔሊ ስትነግረው ሰማት፤ ባርኮም በሰላም ሰደዳት። እግዚአብሔርም ጸሎቷን ሰማ።

ዛሬም ሜንጦ የያዙ አሉ። ዘይት በዋጋ ይሸጣሉ፤ ውኃ በዋጋ ይሸጣሉ። ትንቢት ለመስማት የሚከፈል ገንዘብ ይጠይቃሉ። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን እንዲጠራ፣ እነርሱም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት አዘዘ እንጂ ዋጋ አልተመነም። የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ከንዕማን ብርና ልብስ በተቀበለ ጊዜ የንዕማን ለምጽ በእርሱ ላይ እንደ ተጣበቀ አንርሳ። ኤልሳዕ በነፃ ያገለገለውን ግያዝ ዋጋ አወጣለት። የታመመ ሰው ሆዱ ባባበት ሰዓት ከኪሱ ማውጣት የእግዚአብሔርን ስም በአሕዛብ መካከል ማሰደብ ነው።

"አዳራሹ እኮ ሲሚንቶ ነው"

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይላሉ፦ "እኛ የአዲስ ኪዳን ሰዎች ነን። እግዚአብሔር በእጅ በተሠራ ቤት አይወሰንም። አዳራሹ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው፤ ለምን ይህን ያህል ታከብዱታላችሁ?" ንግግሩ ግማሹ እውነት ነው። እስጢፋኖስም ጳውሎስም ይህን ሰብከዋል። ጌታም ለሳምራዊቷ ሴት እውነተኛ አምልኮ በተራራ እንደማይወሰን ነግሯታል። ያ 46 ዓመት የተሠራበት መቅደስ እንኳ በ70 እ.ኤ.አ. ፈርሷል።

ግማሹ እውነት ግን ሙሉ አይደለም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16 ጳውሎስ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ናችሁ ሲል የሚናገረው ለአንድ ሰው አይደለም፤ ለጉባኤው ነው። ሲሚንቶው ቅዱስ አይደለም፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ቅዱስ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይህን መቅደስ የሚያፈርስ በእግዚአብሔር ዘንድ ምን እንደሚጠብቀው ይናገራል፤ ያንንም አንብቡት። እንግዲህ መቅደሱ ከድንጋይ ወደ ሰው ሲዛወር ክብሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እኛ ጫማ አለማውለቃችን ልብን ሳያዘጋጁ ለመግባት ፈቃድ አይሆነንም።

የራሳችን ታሪክም ይመሰክራል። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌል አማኞች አዳራሾች ተዘጉ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ። መድረክ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ ባነር የለም። ጎረቤት እንዳይሰማ መዝሙሩ በለሆሳስ ነበር። ያ ሳሎን ግን የእግዚአብሔር ቤት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ዘመኑ ተለውጦ በሩ ሲከፈት የአባላቱ ቁጥር ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ያልነበረን ሁሉ ዛሬ አለን። ያን ጊዜ የነበረን ዛሬ አለን ወይ?

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ከቤታችን ተዘጋጅተን እንምጣ። መክብብ 5 ወደ እግዚአብሔር ቤት ስንሄድ እግራችንን እንድንጠብቅ፣ ለመስማትም እንድንቀርብ ይመክረናል። ቅዳሜ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ያመሸ ሰው እሑድ የሚመጣው ሥጋው ብቻ ነው። በሰዓቱ እንድረስ። መጽሐፍ ቅዱስህን በስልክ ብታነብ መልካም፤ ግን ጥሪውን ዝጋ፣ መልእክቱን አጥፋ።

ሁለተኛ፣ እናንት ሽማግሌዎች፣ የፕሮግራሙን ወረቀት አንድ ጊዜ በእንግዳ ዓይን እዩት። ሰው ዝም ብሎ የሚጸልይበት ስንት ደቂቃ አለው? ማስታወቂያውን አሳጥሩ። መባን ያለ ጫና በፈቃድ ሰብስቡ፤ የገባውንና የወጣውን ለጉባኤው አሳውቁ። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ወንበር፣ ለድሀው ግን የእግር መረገጫ አጠገብ መስጠትን ገሥጿል። የፊቱ ወንበር ለደካማውና ለእንግዳው ይሁን።

ሦስተኛ፣ በመድረክ የምታገለግሉ፣ መድረኩ የእናንተ አይደለም። ዘማሪ ሆይ፣ ሕዝቡ አንተን እያየ ነው ወይስ ከአንተ ጋር ጌታን እያየ ነው? ሰባኪ ሆይ፣ ከስብከትህ በኋላ ሰዎች የሚያወሩት ስለ አነጋገርህ ነው ወይስ ስለ ኢየሱስ? መጥምቁ ዮሐንስ እርሱ ሊያንስ ጌታ ሊልቅ እንደሚገባ ተናገረ፤ ተናግሮም አልቀረም፣ ደቀ መዛሙርቱን ለጌታ አሳልፎ ሰጠ።

አራተኛ፣ ካሜራ የያዛችሁ ልጆች፣ የሚያለቅስን ሰው ፊት አትቅረጹ። እንባው ለጌታ የመጣ ነው፤ ለእኛ ገጽ አይደለም። ድምፅ ማጉያውም በልክ ይሁን፤ ከአዳራሹ አጥር ውጭ የሚኖረው ጎረቤትም ጌታ የሞተለት ሰው ነው።

መለኪያው

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥24-25 ለጉባኤ አንድ መለኪያ ሰጥቶናል። የማያምን ሰው ገብቶ የልቡ ስውር ነገር ሲገለጥበት በግንባሩ ተደፍቶ ይሰግዳል፤ እግዚአብሔር በእውነት በእነዚህ ሰዎች መካከል አለ ብሎም ይመሰክራል። ከአዳራሻችን የወጣ እንግዳ ምን ይላል? "ሙዚቃው አሪፍ ነው" ይላል? "ሰባኪው ይችላል" ይላል? ወይስ "እግዚአብሔር እዚያ አለ" ይላል?

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ የማይገባውን ትንቢት ያነብ ነበር። እግዚአብሔር ግን አልተወውም። ፊልጶስን በምድረ በዳ መንገድ ላከለት፤ ፊልጶስም ኢየሱስን ሰበከለት፤ ተጠምቆ ደስ እያለው ሄደ። እግዚአብሔር ለሚፈልገው ሰው ሁልጊዜ ፊልጶስ አለው። ጥያቄው ለእኛ ነው። ያ ሰው በእኛ ጉባኤ ጌታን አግኝቶ ይሄዳል፣ ወይስ ከእኛ ከወጣ በኋላ በመንገድ ሌላ ሰው ሊላክለት ነው?

ይህን የምታነብ ወይም የምትሰማ፣ ምናልባትም ጌታን ገና ያልተቀበልህ ወዳጄ፣ በአንዱ ጉባኤ ባየኸው ነገር ልብህ ተሰብሮ ከሆነ ጌታ ኢየሱስ እንደዚያ አይደለም። እርሱ አንተ እንድትቀርብ ገበታ የገለበጠ ጌታ ነው። ዛሬ ባለህበት ቦታ ጥራው፤ ይሰማሃል።

እንጸልይ። ቅዱስ አባታችን ሆይ፣ በስምህ በምንሰበሰብበት ሁሉ አንተ ቅድሚያ ይኑርህ። ወደ ጉባኤያችን ግባ፤ ዘወር ብለህ እይ። የማይገባውን አስወጣ፤ ከልባችን ጀምር። ለታመመው፣ ላዘነው፣ ከሩቅ ለመጣው ቦታ ስጥ። ማደሪያህ እንድንሆን ቀድሰን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ወገን አስተላልፉ።